«እኔ ነኝ» አይበቃም

በር ሲንኳኳ «ማነው?» ይላል የቤቱ ሰው፤
«እኔ ነኝ» ነው መልሱ፣ ሁልጊዜ ይኸው ነው።
ስም የለው፣ ምልክት የለው፤ ድምፁን አምኖ ይጮኻል፤
«አንተ ማን?» ሲባልም «እኔ ነኛ!» ይላል፤
በሩም ይከፈታል።

እዚህ ተንደር ቤይ፣ ሐይቁ ዳር ባለው ሆስፒታል፣
ውሃው ሳይረጋ ሌሊቱ ቀድሞ ይረጋል።
ግሌን፣ የበሩ ዘብ፣ ስድስት ክረምት ያውቀኛል፤
የልጄ ጥርስ ሲነቀል «እንዴት ሆነ?» ብሎኛል፤
መታወቂያዬን ግን ዛሬም «አሳየኝ» ይላል።
ሲጠይቅ ያፍራል እንጂ ሳያይ አያሳልፍም፤
«ማወቁስ የኔ ነው» አለኝ አንዴ፣ «በሩ ግን የኔ አይደለም።»

ሥራዬ የማይታይ በር መጠገን ነው።
ኮርኒሱ ላይ የተለጠፈው፣ ነጭ ሳህን የሚመስለው፣
አንቴና ነው፤ እሱም በር ነው፤
በየሃያ እርምጃው «ማነህ?» ባይ ነው።

ዶሪን፣ የሌሊት ነርስ፣ ጋሪዋን ስትገፋ፣
መድኃኒት የጫነ፣ ኮምፒውተር እንደ ዘውድ የደፋ፣
ካንዱ አንቴና ክልል ወደ ሌላው ስታልፍ
ስክሪኑ ይደርቃል፤ ትቆማለች በደጃፍ።
ጋሪው «እኔ ነኝ» ይላል፤ አንቴናው አያምንም፤
ቶሮንቶን ይጠይቃል፤ ቶሮንቶ አይቸኩልም።
ሁለት ሰከንድ፣ ሦስት፣ አራት... በሽተኛው ያቃስታል፤
መርፌው እጇ ላይ ነው፤ ፈቃዱ መንገድ ላይ ቀርቷል።

«ቁልፉን ጣልልን» አለችኝ፣ «ክፍት ይሁን በቃ!
ሌባ ምን ሊወስድ ነው ከበሽተኛ ዕቃ?»

እኔ ግን አይቻለሁ፤ ባለፈው ጥቅምት ማታ፣
መኪና ማቆሚያው ጥግ፣ መብራት በሌለበት ቦታ፣
አንድ ሰው መኪናው ውስጥ፣ ሞተሩን ሳያጠፋ፣
የኛን ስም የለበሰ የሐሰት ሞገድ ሲነፋ፤
ስልኮቻችን ሁሉ፣ እንደ ጫጩት፣ ወደ ጠራቸው ሲሮጡ፣
«እኔ ነኝ» ስላላቸው ብቻ ምስጢር ሊሰጡ።

ስለዚህ ጠያቂም ይጠየቅ፤ በሩም ራሱን ያስረዳ።
ምስጢሩን ሁለቱም ያውቃሉ፤ አንዱም አያወጣው ወደ ሜዳ።
አንዱ ያልተለመደ ቁጥር ይወረውራል፤
ሌላው በምስጢሩ ነክሮ ይመልሳል፤
ጨርቁ ለመንገደኛ ሁሉ ይታያል፤
ቀለሙ የተቀዳበት ቅጠል ግን ቤት ይቀራል።

ይህን ላስተካክል መሰላል ይዤ ሦስተኛ ፎቅ ወጣሁ፤
ብሎን በጥርሴ እንደያዝኩ ከክፍሉ ውስጥ ሰማሁ፦
አርቮ፣ የእህል ጎተራ ሠራተኛ የነበረው፣
ሚስቱን «ማነሽ?» አላት።
«እኔ ነኝ» አለችው።
«አንቺ ማን?»
ስሟን ነገረችው፤ ስሟ ለእሱ ባዶ ነው።
ቀለበቷን አሳየችው።
«ቀለበትማ ማንም ይገዛል» አላት።

ላይላ ዝም አለች። ከዚያ በጣቷ
ጠረጴዛውን መታች፦ ሁለት ቶሎ ቶሎ፣
አንድ ዘግይታ።
ጠበቀች።
እኔም መሰላሉ ላይ፣ ብሎኑን ሳልውጥ፣ ጠበቅሁ።

የሽማግሌው ጣት ተነሣ፤
የአልጋውን ብረት አንዴ ነካ፤ ቆይቶ ሦስቴ።
«ቆየህ» አለችው፤ ጫማዋን አወለቀች።

ምን ማለት እንደሆነ አልጠየቅሁም።
ምቱን ሰምቻለሁ፤ ጆሮዬ ይዞታል፤
ነገ ግን ሌላ ትመታለች፤ መልሱም ሌላ ይሆናል፤
የዛሬውን ሰርቄ ብሄድ ማን ይከፍትልኛል?

ሊነጋጋ ሲል አንቴናዎቹን አስተማርኩ፤
ጎረቤት ለጎረቤት ቁልፍ ቀድሞ እንዲያቀብል አደረግሁ።
አንዴ በደንብ የተጠየቀ፣ በየደጃፉ እንዳይገተር።
ዶሪን ጋሪዋን ገፋች፤ አልቆመችም።
ወደ ኮርኒሱም ቀና አላለችም።
ደህና የተሠራ በር ምስጋናው ይህ ነው።

ኬብል ላመጣ ወደ መኪናዬ ወጥቼ ስመለስ
መስታወቱ ጉም ለብሷል፤ በረዶው ጢሜ ላይ ደርቋል።
«ማነው?» አለ ግሌን ከውስጥ።
«እኔ ነኝ!» አልኩ፣ ሳላስበው፤
እጄም ደረቴ ላይ ሄዶ
ባዶ ጃኬት ዳበሰ፤
መታወቂያዬ ሦስተኛ ፎቅ፣
መሰላሉ ላይ ተንጠልጥሎ ይወዛወዛል።